እምቢ ያለው ፋይል

ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ድንበር ተጣልተው አጎቴና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ተቀመጡ። እኔ እንጅባራ አስተማሪ ነኝ፤ የተጠራሁት ለመጻፍ ነበር። አጎቴ መርሳት ጀምረዋል፤ የሰሙት ነገር በሳምንቱ ይጠፋባቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ አፍረው ነበር።

እንደ ልማዱ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለየብቻ ሰሟቸው። ታናሽየው በአዊኛ የተናገረውን እኔ በአማርኛ ላፕቶፔ ላይ ጻፍኩት። ለከሰል የሚሆን ግራር ሲተክል ሆን ብሎ ሁለት መስመር ወደ ወንድሙ መሬት ገብቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሙን ውሸታም ሲያሰኛቸው ኖሮ በዚያ ቀን አመነ።

"መሬቱን እመልሳለሁ፤ ሆን ብዬ መግፋቴን ግን እሱ አይወቅ። አባት ሆኖ ነው ያሳደገኝ" ብሎ ለመናቸው።

ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። መሬቱ እንደገና በገመድ ይለካል፣ ጥፋቱም ቀድሞ በተለካበት ገመድ ይሳበባል።

"ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ" አሉኝ አጎቴ።

"ይቆለፋል፣ አይጨነቁ" አልኳቸው። ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህር ፋይል የሚቆልፍ ፕሮግራም ጭኖልኝ ነበር። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ትሞላለህ፣ አለቀ። ሲያልቅ ግን አንድ የነበረው ፋይል ሁለት ሆኖ አገኘሁት። የቱ ነው የተቆለፈው? አዲሱን በዚያው ፕሮግራም ስከፍተው ምንም ሳይጠይቀኝ ተከፈተ፤ አሮጌውም ተከፈተ። ግራ ገብቶኝ ለመምህሩ ደወልኩ።

"ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ለጥቂት ደቂቃ ይዞ ይቆያል፤ ለዚያ ነው የማይጠይቅህ" ሲለኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔም ሁለቱም ተቆልፈዋል፣ ላፕቶፑ ስለሚያውቀኝ ነው የሚከፍትልኝ ብዬ ደመደምኩ። ሞኝ ነበርኩ።

በማግስቱ የስምምነቱን ጽሑፍ ለማሳተም ፎልደሩን እንዳለ በፍላሽ ገልብጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። መብራት የለም። ክፍለ ጊዜዬ ደርሶብኝ ስቁነጠነጥ ታላቅየው ለጉዳያቸው ከተማ ወጥተው አገኘኋቸው። ዳዊት የደገሙ፣ ጥሩ አንባቢ ሰው ናቸው።

"መብራት ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብለው ይምጡ" ብያቸው ፍላሹን ለቤቷ ልጅ ትቼ ሮጥኩ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። ታላቅየው ስምምነቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡን፤ ተነበበ። አጎቴ ስለ ገመዱ መናገር ሲጀምሩ ግን አቋረጧቸው።

"መለካቱ ይቅር። ሁለቱን መስመር ለእሱ ሰጥቻለሁ።"

ተነስተው ወንድማቸውን አቅፈው ሳሙት። ሦስት ዓመት የተሟገቱለትን መሬት በአንድ ቃል መተዋቸው ለእኔ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ።

ሰኞ ፍላሼን ልወስድ ስሄድ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ "ሦስት ፋይል ነው የነበረው። አንዱ እምቢ አለኝ፤ የተከፈቱትን ሁለቱን አትሜ ሰጠኋቸው" አለችኝ።

ለካ ፕሮግራሙ የተቆለፈ ቅጂ ይሠራል እንጂ ዋናውን አይነካውም። ዋናውን ማጥፋት የእኔ ሥራ ነበር። በራሴ ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሐፍረቱ ባሰብኝ። ለአጎቴ ልንገር ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ሁለት ቀን ተወዛገብኩ። በመጨረሻ በሚኒባስ ወደ አዲስ ቅዳም ከተማ ወርጄ ታናሽየውን ፈለግሁት። ከሰል በማዳበሪያ እየሞላ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር።

ማዳበሪያውን ለቀቀው። "ወረቀቱን ያነበበው መቼ ነው? ከመታረቃችን በፊት?" አለኝ።

"አዎ፣ ጠዋት ነው የተቀበሉት።"

"እንግዲያ አውቆ ነው የሳመኝ" አለና ከሰል በነካ እጁ ፊቱን ሸፈነ።