ሥራ ገብታለች

ቤታችን ውስጥ ብርሃን እንደ ልብ የሚገባው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ በጓሮው ማንጎ በኩል፣ ሌላው በመንገዱ በኩል። ባለቤቴ ዕቃ ቤት ይለዋል፤ እኔ ደፍሬ ስቱዲዮ ያልኩት ቀን ልጆቼ ሳይቀሩ ሳቁ። ጠዋት ጠዋት እዚሁ አሶሳ አስተምራለሁ። ከቀትር በኋላ ምሳ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ልብሱ ገመድ ላይ ወጥቶ፣ ውሃ በመጣ ቀን ደግሞ ጀሪካኑ ሁሉ ሞልቶ የሚተርፈው ጊዜ የሥዕል ነው። የሚተርፍ ከሆነ።

አይተርፍም። በር ይንኳኳል። ጎረቤቴ ወንፊት ፈልጋ ትመጣለች፤ ወንፊቱን ይዛ አትሄድም፣ ትቀመጣለች። ለቅሶ ድረሺ፣ አራስ ጠይቂ፣ የእድሩን ድስት መልሺ ይባላል። ቢሮ የገባችን ሴት ማንም አይጠራትም። ቤቷ ውስጥ ቡሩሽ የያዘች ሴት ግን «አለች» ነው የምትባለው፤ ካለች ደግሞ ትነሳለች። ባለቤቴም ክፉ ሆኖ ሳይሆን ቀልድ ስለሚወድ፣ እጄ ላይ ቀለም ባየ ቁጥር «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይለኛል። እስቅለታለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ትልቅ ሸራ ጀምሬ ነበር። ከገበያ የምትመለስ ሴት ናት፤ ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ፣ ከእንጨቱ ጫፍና ጫፍ ሸክም አንጠልጥላለች፣ እዚህ በየመንገዱ እንደምናየው። የፊቱን ቅርጫት ጨርሼ የኋላውን ሳልነካ፣ ፓዌ የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ብቻቸውን መሆን ስለማይችሉ ባለቤቴ ሄዶ አመጣቸው። የሚያርፉበት ክፍል የታወቀ ነው።

ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም እምቢ አልልም ነበር። አልጋውን ራሴ አነጠፍኩ። ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስደገፍኩት፤ ቀለሞቼን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋው ሥር ገፋሁ። በረንዳ ላይ ልሥራ ብል ዝናቡ በጎን እየገባ ሁሉን አራሰብኝና ተውኩት። ከዚያ በኋላ አፌ ዝም አለ፤ እጄ ግን ያወራ ነበር። ድስት ስከድን ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

አማቴ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ፓዌ የገቡ፣ ብዙ ያዩ ሰው ናቸው፤ የድስት ክዳን ቋንቋ አይጠፋቸውም። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላቸው ሸራውን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት።

«ይኸ ምን አርጌው ነው ያኮረፈኝ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ወደ እሳቸው አዞርኩት። ቆየት ብለው አዩት።

«ይች ሴት ልትወድቅ ነው» አሉ። «ከኋላዋ ባዶ ነው።»

«አልጨረስኳትም፣ እማማ።»

«ምን ይዞሽ?»

ስንቱን ልንገራቸው? «ጊዜ» አልኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ። በራሴ ተናደድኩ።

«ክፍሌን ቀሙኝ በይ እንጅ። አብሽሪ ልጀ፤ እኔ የያዝኩት አልጋውን ነው። መስኮቱ ያንች ነው።»

የቀለም ማቅጠኛው ሽታ ያሳምምዎታል ብላቸው፣ «በጭስ ያደግሁ ሰው ነኝ» ብለው ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

በማግስቱ የቀርከሃውን የሸራ ማቆሚያዬን መስኮቱ ሥር መለስኩ። እሳቸውም ትንሽ ሲሻላቸው ቀን ቀን በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ የታሰረውን እግራቸውን ዘርግተው መንገዱን ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን እየሠራሁ የጎረቤቴን ድምፅ ሰማሁ። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። የእኔ የበርታ ቋንቋ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ ማን በማን ይስቃል።

«አስተማሪ አለ?» አለች።

እንደ ልማዴ ቡሩሹን ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩ። አማቴ ቀደሙኝ።

«ሥራ ገብታለች።»

«ትምህርት ቤት ጠዋት ነው። አሁን የለም።»

«ትምህርት ቤት ማን አለሽ? ሥራዋ እዚሁ ነው። ማታ ስትወጣ ነይ።»

ቡሩሹ እጄ ላይ ቀረ። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ሥራ ብሎት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። ሰው ምን ስትሠሪ ዋልሽ ሲለኝ «ምንም፣ ስሞካክር ነበር» ነው መልሴ። ደስታው አስለቀሰኝ። ከዚያ የኋላውን ቅርጫት ጀመርኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ የመነኩሴውን ተረት ሊጀምር ሲል እናቱ ቀና ብለው አዩት። «አንተሳ? ሥራ ስታጣ ምን ትሰፋለህ?» አሉት። እያጉረመረመ ተነስቶ ሳህኑን አጠበ። በደንብ አላጠበውም፤ ሆኖም ደግሜ አላጠብኩትም።

እግራቸው ጠግኖ ወደ ፓዌ ሲመለሱ፣ ሴትየዋ ሁለቱንም ሸክሟን ይዛ ግድግዳው ላይ ነበረች። በሸኘናቸው ማግስት ከቀትር በኋላ አዲስ ሸራ ፊት ተቀመጥኩ። በረንዳው ላይ ባዶው ወንበር ብቻ ቀርቷል። በሩ ተንኳኳ።

«አስተማሪ አለ?»

የሚመልስልኝ ሰው የለም። «መጣሁ» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሌላውን ቃል ስለ ራሴ ተናግሬው አላውቅም።

«ሥራ ገብቻለሁ» አልኩ፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ። «ማታ እኔ እመጣለሁ።»

 ተቀየመችኝ ብዬ ጆሮዬን ወደ በሩ ጣልኩ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሥራ» አለችኝ። «እኔ ወንፊት ለመመለስ መጣ። በር ላይ አለ።»

ወንፊቱን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። እስኪመሽ አልተነሳሁም።