ኤርጫፎና ደጅ የቀረው ካርታ

ኤርጫፎ በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ባለ አንድ የግል ማሠልጠኛ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነው። ኃላፊነቱ በአሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። አንዱን ፊደል ነክተህ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ብትወርድ፣ ዓሣ በልተህ በሚኒባስ ስትመለስ ፊደሏ ልውጣ አልውጣ እያለች ታገኛታለህ። ፎቅ ላይ ግን አንድ ጉልበተኛ ኮምፒዩተር አለ፤ ማራገቢያው ሲያጓራ የአባያ ሐይቅ አዞዎች ጉማሬ መጣብን ብለው ይበረግጋሉ።

ስለዚህ ኤርጫፎ ዘዴ አበጀ። ፕሮግራሙ ፎቅ ላይ ይሠራል፤ ሥራው የሚታይበት መስኮት ግን በኔትወርክ ወርዶ አሮጌው ስክሪን ላይ ይከፈታል። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር እንዲህ ይላል፦

«በእኛ አገር በኦቾሎ እንግዳ ደጅ ቆሞ ይጣራል። ምንም ሀብታም ቢሆን፣ ግባ የሚለው የጎጆዋ ባለቤት ነው። ፕሮግራም እንግዳ፣ ስክሪን ባለቤት!»

ባለፈው ሐሙስ ተማሪው ሩሐማ የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ነበር። የአባያን ዳርቻ ካርታ ሠርታለች፤ ከፎቁ ጉልበተኛ በቀር የሚሸከመው የለም። ፈታኞቹ ግን ምድር ቤት ነበሩ፤ ፕሮጀክተሩ የተሰካውም እዚያው ካለ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሰብሳቢው አቶ ካሱ ሰዓታቸውን አዩ።

«እስከ አራት ሰዓት ካላየነው ለከርሞ ነው፣ ልጄ።»

ኤርጫፎ ፎቅ ወጥቶ ካርታውን አስነሣ። «ስክሪን አላገኘሁም» አለው ፕሮግራሙ። ለካ ሂድ ብሎታል እንጂ ወዴት እንደሆነ አልነገረውም። የምድር ቤቱን ኮምፒዩተር አድራሻና የስክሪኑን ቁጥር ጻፈለት፦ ዜሮ። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ስክሪን ዜሮ ነው፤ ኤርጫፎ ከመልመዱ የተነሣ የበኩር ልጁን «ዜሮዬ» ይላታል።

አሁን ደግሞ «አልተፈቀደም» መጣ። ኤርጫፎ ትእዛዝ ጽፎ ፈቀደ። አሁንም አልተፈቀደም። ደግሞ ፈቀደ።

«ጋሼ ኤርጫፎ!» ጮኸች ሩሐማ ከደረጃው ሥር፤ «ባዶ ግድግዳ ነው የሚያዩት!»

«ሁለቴ ፈቀድኩለት እኮ!»

«የት ሆነው?»

«እዚሁ፣ ትልቁ ላይ!»

«ውይ ጋሼ! ኦቾሎ እንግዳው ነው እንዴ ራሱን ግባ የሚለው?»

ኤርጫፎ ግንባሩን መታ። ስንት ዓመት ሲሰብክ ኖሮ፣ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ለትልቅ አጎንብሷል! ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወረደና ባለቤቱ ፊት፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ዘንድ፣ ተቀመጠ። የፈቃዱን ትእዛዝ ከእንግዳው ስም ጋር ጻፈ። ፊደሎቹ ግን እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ፣ እያዛጉ፣ ግድግዳው ላይ ይወጡ ጀመር። ፈታኞቹ ሳያውቁት አብረው ይቆጥራሉ። ሩሐማ ዓይኗን ጨፍናለች።

ለአራት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ደጅ ቆሞ ደጋግሞ ሲጣራ የነበረው ካርታ ገባ፤ አባያ ግድግዳውን ሞላው።

«ይኼ አሮጌ ይህን ሁሉ ይችላል?» አሉ አቶ ካሱ።

«ኧረ ምኑን ችሎ! ግን ቤቱ የእሱ ነው» አለ ኤርጫፎ ላቡን እየጠረገ።

ሩሐማ አለፈች፤ ወሬውንም ማሠልጠኛው አጠገብ እስካለው ካፌያችን ድረስ ያደረሰችው እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ኤርጫፎ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ በሩን ዘግተን፣ «ቆይ፣ ባለቤቱ ይፍቀድ!» እንለዋለን። እሱም ደጅ ቆሞ እየሳቀ ይጣራል።