ከለንደን የመጣው ጋቢ

ትናንት መሪ ሰፈር ከልጄ ጋር ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ በረንዳ ላይ የተሰጣ እርጥብ ጋቢ የሳሙና ሽታ አወደኝ። ወዲያው በልጅነቴ ከአክስቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ከእንጦጦ ግርጌ ወንዝ የወረድንበት ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

አባታችን በማግስቱ ሽምግልና ስለሚሄድ ነጭ ጋቢውን ልናጥብለት ነበር። እህቴ ደግሞ ሰኞ የጂኦግራፊ ፈተና አለባት። እኔና አክስቴ ስናጥብ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቴምዝ ስለሚባለው የእንግሊዝ ወንዝ ጮክ ብላ ታጠናለች።

«ከትንሽ ምንጭ ይነሳል። ዳርና ዳሩን ከተሞች ተቆርቁረዋል። ለንደንን አቋርጦ ባሕር ይገባል። መርከብ ይሄድበታል።»

አክስቴ እጇ አረፋ እንደሆነ ቀና አለች። «ልብስስ የቱ ጋ ነው የሚያጥቡበት?»

«መጽሐፉ አይልም፣ እትዬ።»

«እንዴት አይልም? ይሄ ሁሉ ሰው በዳሩ እየኖረ! ወንዝን ማወቅ የሚያጥቡበትን ማወቅ ነው። አስተማሪሽን ጠይቂያቸው።»

ይህን ስትል ጋቢው ከመካከላችን ሹልክ ብሎ በውሃው ሄደ።

«ጋቢው!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስታችንም ቀሚሳችንን ሰብስበን በጭቃው ሮጥን። ከታች ጎመን የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን በአካፋቸው አውጥተው ጠበቁን።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉ።

«ከለንደን ነው፣ አባባ» አለች አክስቴ እያለከለከች።

ከሳቃችን ብዛት ጋቢውን መጭመቅ አቃተን።

«እማዬ፣ ምን አሳቀሽ?» አለኝ ልጄ። ከየት እንደምጀምርለት ሳስብ ታክሲው መጣና ተጋፍተን ገባን።