የማያሰክረው ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ትዕግስት ነበረች... የወንድሜ የቀድሞ ሚስት። ሰላምታ የለ፣ ደህና ዋልሽ የለ። «አንቺ ነሽ አሉ የፈቀድሽለት?» አለችኝ።

ከመነሻው ላውጋችሁ።

ጋሼ ጌታሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። ትዳሩ ከፈረሰ ወዲህ እዚህ ስዊድን፣ ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያድረው። ያፈረሰው ደግሞ መጠጥ ነው፣ ምን እደብቃችኋለሁ። እናታችን በሰው እጅ የላከችውን ጸበል ጠጥቷል፣ ተስሏል፣ በልጁ ስም ምሏል። ሁሉም ትንሽ ይይዘውና... ይለቀዋል። ትዕግስትም መሮአት ልጃቸውን ይዛ በባቡር የሚኬድበት ሌላ ከተማ፣ ሶደርተልየ ገባች።

ስንት ጊዜ ለምነናት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ልጁን ሽርሽር እንዲወስዳት ፈቀደች። ግን አንዴ ጠጥቶ ከመጣ አለቀ፣ ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። ጋሼ በዚህ አገር ላይ ከዚህች ልጅ ሌላ የቀረው ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን ያ ቅዳሜ ነበር።

በዚያው ሳምንት የስዊድንኛ አስተማሪያችን ክፍሉን በሙሉ ሙዚየም ይዛን ሄደች። የጥንት ሮማውያን ጌጥ ነው የሚታየው። እኔ እንቁላል የሚያክል አልማዝ ጠብቄ... መስታወቱ ውስጥ ያሉት ምስር የምታክል ድንጋይ የተሰካባቸው ቀለበቶች ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ግን በያንዳንዷ ድንጋይ ላይ ሰው ተቀርጿል፣ አፍንጫው ሳይቀር። አስጎብኚዋ ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። ቀዩ ድንጋይ ሰም ስለማይጣበቅበት ማኅተም ያደርጉት እንደነበር፣ አረንጓዴው የደከመ ዓይን ያሳርፋል ይሉ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ሐምራዊው ጋ ደረሱ። ይህን ያጠለቀ ሰው አይሰክርም ብለው ያምኑ ነበር አሉ።

ስሙን ሲጠሩት አወቅሁት። አሜቴስጢኖስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማሁት፣ ከሰማያዊቷ ኢየሩሳሌም የመሠረት ድንጋዮች አንዱ። እጄን አውጥቼ በዚያች በተሰባበረች ስዊድንኛዬ ይሠራ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ሳቀብኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ከነቀለበታቸው የተቀበሩ ሰዎች ስላሉ ያመኑበት ይመስለኛል ብለው መለሱልኝ። እኔ ይህን እንደ አዎ ቆጠርኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሙዚየሙ ሱቅ ውስጥ በዚያው አምሳል የተሠራ ቀለበት ይሸጣል። ገዛሁ። ድንጋዩ እውነተኛ ይሁን አይሁን እንኳ አልጠየቅሁም።

አርብ ከሥራ እንደተመለስኩ ጋሼን ቁጭ አድርጌ ቀለበቱን ማተቡ ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን አሰርኩለት። ጌታን የሰቀሉት እነዚሁ ሮማውያን መሆናቸው ትዝ ያለኝ ቋጠሮውን ካጠበቅሁ በኋላ ነው... ተውኩት።

ታሪኩን ስነግረው ድንጋዩን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ፊቱ በራ። ይህ ሰው በምንም ነገር ማመን ካቆመ ስንት ጊዜው ነው።

«ይሄን ያሰረ አይሰክርም?» አለኝ።

«አይሰክርም።»

«ምንም ቢጠጣ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ እንደሱ አላሉም። እኔ ግን እምነቱ እንዳይላላ ብዬ... «ምንም ቢጠጣ» አልኩት።

ቅዳሜ ሸሚዙን ተኮስኩለት፣ ጺሙን ተላጨና ወጣ። ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄድ በመስኮት እያየሁት አለቀስኩ። በደስታ ነው... ሞኝነቴ።

ወደ ትዕግስት ስልክ ልመልሳችሁ። በሩን ስትከፍት ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ሽታው ቀድሞት ገብቷል። ጠጥተሃል ስትለው አልተቆጣም። ማተቡን ከሸሚዙ ስር አውጥቶ ድንጋዩን እያሳየ፣ መጠጣቱን ጠጥቻለሁ፣ ግን አልሰከርኩም፣ እህቴን ሚሚን ጠይቂያት እያለ ስለ ሮማውያን በእርጋታ ያስረዳት ጀመር። ልጅቷ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ ከእናቷ ኋላ ቆማ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ያን ቀን ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«በቃ፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ» አለችኝ ትዕግስት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደክሟት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ጋሼ አመሻሹ ላይ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባቡሩ ሶደርተልየ ሳይደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ልጄ እጄን ስትይዘኝ ትፈራለች ብሎ ኪሱ ካለችው ጠርሙስ ትንሽ ቀመሰ። ድንጋዩ አለ ብሎ ደግሞ ጨመረ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከእጁ ላይ አላነሳም።

ያን የተረገመ ድንጋይ ልፈታው እጄን ስሰድ ያዘኝ።

«ተዪው ሚሚ፣ ይሠራል» አለኝ። «ስሰክር እኮ ምንም አላስታውስም። ዛሬ ሁሉንም አየሁት... የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታ ቀና ብላ እንዴት እንዳየችኝ ሳይቀር።»

ማተቡን ለቀቅሁት። ለትዕግስት መልሼ ልደውል አሰብኩና ምን እላታለሁ ብዬ ተውኩት። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ስለ ድንጋይ የምታውቁ ካላችሁ የሚያስረሳውን ጠቁሙኝ... ሁለት ነው የምፈልገው።