ደም የሰጠኝ ሰው ቤቴ የመጣ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሕመሙ ለቆኛል፤ ቁስሉም ጠግጓል። ከሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ በገዛ ቤቴ ያደረግሁት ነገር ግን ዛሬም ስፌት መኪናዬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

የምኖረው ባምባሲ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤተሰቦቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው። ከባሌ ጋር ከተለያየን ወዲህ ከእናቴ ጋር በታላቅ ወንድሜ በጌታሁን ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ማህፀኔ ውስጥ እጢ ተገኝቶ ለወራት ደም ሲፈሰኝ ቆየ። አሶሳ ያየኝ ሐኪም በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለኝ። ደሜ ስላነሰ ደም የሚሰጥ ሰው ይዤ እንድመጣም ነገረኝ። ይህን ቤት ሳወራ ጌታሁን አላስጨረሰኝም። «እኔ እያለሁ የምን ሰው ፍለጋ ነው? እኔ እሰጣለሁ፣ እኔው አስታምምሻለሁ» አለ። እናቴ አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ሰነበትኩ። የደንበኞቼን ልብስ እየሰፋሁ አስረከብኩ፤ ያላለቀውን ስም ጽፌበት በፌስታል አሰርኩ። ብርድ ልብስ፣ ፔርሙስ፣ ሁለት ሳህን፣ ነጠላ ጫማና ሰፊ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ለእናቴ «ምናልባት ካልተመለስኩ...» ብዬ ልጀምር ስል አፌን በእጇ ያዘችኝ።

ሆስፒታል ስገባ ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ሐዋ የምትባል የበርታ ብሔረሰብ ሴት ተኝታ ነበር። ትርፍ አንጀት ተሠርታ ልትወጣ ሁለት ቀን ቀርቷታል። የሚያስታምማት ባሏ አብዱራሂም ነው። አማርኛን በኋላ ስለተማሩት ሁለቱም ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የሚሉት። ፊቴን አይቶ «አይዞህ እህቴ፣ አትፍራ» ሲለኝ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጌታሁን ደም ለመስጠት ወጣ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ስልኩን ብደውል ዝግ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ነርሷ መጣች።

«ደም ሰጪሽ የታለ?»

«ጠዋት ወደናንተ መጥቶ ነበር።»

«በር ላይ አይተነው ነበር፤ ወረፋው ሳይደርሰው ሄዷል። ደም ካልተዘጋጀ ነገ ቀዶ ሕክምና አትገቢም። ሐኪሙ ደግሞ ከነገ ወዲያ ለሥልጠና ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሰው ሲከዳ እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ሳይሆን፣ መኪና ገጭቶት ይሆን ብዬ ነበር።

ሐዋና ባሏ በበርትኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ አብዱራሂም ተነሳና ነርሷን «የኔ ደም ይታይ። ከሆነ ይውሰድ» አላት።

ተመረመረ፤ ከኔ ጋር ይሄዳል ተባለ። ክንዱ ላይ ጥጥ አጣብቆ ተመለሰና፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሚስቱን ብርድ ልብስ አስተካክሎ ተቀመጠ።

በነጋታው ገባሁ። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የተሰቀለውን የደም ከረጢት ነበር። ሐዋ በዚያን ቀን ተፈቅዶላት መውጣት ነበረባት። ሰው እንደሌለኝ ስታይ ግን አልሄደችም። እሷ ራሷ ሆዷን ይዛ እየተራመደች ሁለት ቀን አስታመመችኝ። አጥሚት በማንኪያ አጎረሰችኝ። እግሬን አጠበችኝ። ሰውነቴን ለማንቀሳቀስ ስፈራ «ተነሳ፣ ተነሳ፣ እኔ ይዟል» እያለች በክንዷ ደግፋ አስኬደችኝ።

ጌታሁን የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ደም ሲቀዳ መርፌውን አይቼ አዞረኝ። መመለሱም አሳፈረኝ፤ ባምባሲ ገባሁ» አለኝ። ያሳደገኝ ወንድሜ ነው፤ አዘንኩለት። ደሙን ማን እንደሰጠኝ ነገርኩትና ይቅር አልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ለእማዬ ደም ሰጥቼ ደክሞኝ ነው የመጣሁት ብያታለሁ። እንዳታጋልጪኝ።»

ቁስሌን ይዤ ሳቅሁና «እሺ» አልኩት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ግን ወሬው ሠፈሩን ሞልቶታል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እናቴ የምታወራው ስለኔ ሕመም ሳይሆን ስለሱ ደም ነበር። እንቁላል የምትቀቅለው ለሱ ነው፤ «ደምህ ይተካ» እያለች።

ትንሽ ሲሻለኝ እናቴ ጎረቤት ጠርታ ምሳ አዘጋጀች። እኔም ለሐዋ ደውዬ ከባሏ ጋር እንዲመጡ ለመንኳት። ለእነሱ ብዬ ሙስሊም ጎረቤታችን ያረዱልኝን ዶሮ ለብቻው አሠራሁ።

ማንጎ በማዳበሪያ፣ ማር በጀሪካን ይዘው መጡ። ለሰዉ «ሆስፒታል አብረን የነበርን ናቸው» ብዬ አስተዋወቅኋቸው። ያን ያህል ብቻ ነው ያልኩት። በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ጌታሁን እነማን እንደሆኑ ሲገባው አንገቱን ደፋ።

የሠፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ይመር ለምርቃት ተነሱ። «ጌታሁን፣ ና ቁም» አሉት። እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «በዚህ ዘመን ደሙን ቀድቶ ለእህቱ የሚሰጥ ወንድም ከየት ይገኛል? ዘርህ ይባረክ!» አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ። እናቴ እንባዋን ጠረገች።

አብዱራሂም ቀና አለ። ያየው ጌታሁንን አይደለም፤ እኔን ነው። ሐዋ በበርትኛ አንድ ነገር ልትለው ስትል እጇን ይዞ ዝም አሰኛት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ደሙን የሰጠኝ ይሄ ሰው ነው» ማለት። ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። እናቴን አየሁ፤ ወንድሜን አየሁ፤ የምኖርበትን ቤት አሰብኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ እኔም «አሜን» አልኩ።

ሻይ ብቻ ጠጥተው ተነሱ። እስከ በር ተከትዬ «ምሳ ሳትበሉ?» አልኳቸው።

«መኪና ያልፋል» አለ አብዱራሂም። ትንሽ ቆሞ «አንተ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። በቃ» ብሎኝ ሄደ። ዶሮውን ማንም ሳይነካው አደረ።

ከሁለት ወር በኋላ አሶሳ ቀጠሮ ነበረኝ። ከሐኪሙ እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ ወደ መንደራቸው ሄድኩ። አብዱራሂም ወርቅ ለማጠብ ወንዝ ወርዷል። ሐዋ ብቻዋን ነበረች። ውሃ ሰጠችኝ፤ ቁስሌን ጠየቀችኝ።

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ወንድሜ እንደዋሸ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። አልተቆጣችም። «ይሄ ለኛ የሚነገር አይደለም» አለችኝ። «እኛ እናውቃል። እዛ ቤት ነው የሚነገር።»

እንባዬን ጠርጌ «እሺ» ብያት ወጣሁ። በዚያው ማታ ልናገር ቆርጬ ነበር። ቤት ስደርስ እናቴ ከወንድሜ ጋር እራት ላይ ነበረች። ስገባ ስታየኝ፣ ልጆቿ ሁለቱም ከፊቷ በመሆናቸው እግዚአብሔርን አመሰገነች። እጄን ታጥቤ አብሬያቸው ቀረብኩ።

ይህን የምጽፈው ስሜን ለማያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ለማያውቀኝ መናገር እንደማይከብድ አይቻለሁ። እዛ ቤት ግን እስካሁን አልተናገርኩም።