ሱሪዬን ያሰርኩበት ቃጫ

አማቴ የበኩር ልጄን የጠየቁኝ በጨዋ ደንብ ነው። ምሳ አብልተውኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀውኝ፣ የትምህርት ቤቱን ወሬ ሰምተው፣ ከዚያ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው "መምህር፣ ይቺን ትልቁን ልጅ ለኔ ስጠኝ" አሉ፤ ሲያቆላምጡ ወንዱንም "ይቺ" ነው የሚሉት። አንድ እጅ ሙዝ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። የምጠጣው ውሃ ትን አለኝ።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። ባለቤቴ ተወልዳ ባደገችበት በዱመርሶ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ አያቱ ጋር ቢያድግ የሚገረም የለም፤ እሷም ያደገችው አያቷ ጋር ነው። አማቴም ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ ምግባቸውን እንኳ የምትሠራላቸው ጎረቤት ናት። እኔን ያበሳጨኝ የሰጡት ምክንያት ነው። "ዲላ ልጅ አያሳድግም፤ አስፋልት ነው የሚያሳድገው" አሉ። "ይቺ ልጅ አሥር ዓመት ሞላት። እንሰትና ሙዝ አትለይም።"

እውነቱን ለመናገር እንሰትና ሙዝ ከሚኒባስ መስኮት ሳያቸው አልፎ አልፎ ለእኔም ይምታቱብኛል። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው ዲላ ላይ ሱቅ ከፍተው የቀሩ ናቸው፤ እኔ ያደግሁት በጣቃ ጨርቅና በሳሙና ካርቶን መሃል ነው። አሁን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ እርከን፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ቡናና እንሰት በአንድ ጥላ ሥር ስለሚያድጉበት ዘዴ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳልተነፍስ ማውራት እችላለሁ። ጭቃ ላይ መቆም ግን አልችልም። ሌላም ጠባይ አለኝ፤ ተማሪ ጠይቆኝ "አላውቅም" ብዬ አላውቅም።

ለሽማግሌ "አይሆንም" አይባልም። እኔም አላልኩም። "እንደ ፈቃድዎ ይሁን፤ ግን አንድ ዕድል ይስጡኝ" አልኳቸው። የቡና ለቀማ ሊጀመር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱንም ወንዶች ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ለቀማው እስኪያልቅ ትልቁ ገጠሩን ካልተማረ ይውሰዱት፤ ከተማረ ግን ከእኔ ጋር ይኖራል። አማቴ ጥቂት አሰቡና ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እሺ። ቡና ትፍረድ" አሉ።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ተረኛ ስለሆነች አትመጣም። ውሉን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። "ልጁስ ይማራል፤ እኔ የምፈራው ለአንተ ነው" አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳት። ማኩረፌን እንዳላወቀች ሲገባኝ ተውኩት።

እንግዲህ ልጆቼን ላስተዋውቅ። ትልቁ ዝምተኛ ነው፤ አይቶ በሆዱ ይይዛል። የስምንት ዓመቱ መካከለኛው የሚበላና የማይበላ ነገር ልዩነቱ አይታየውም። የአምስት ዓመቱ ትንሹ ደግሞ ይጠይቃል፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ ጀምሮ እስኪተኛ ይጠይቃል። በሚኒባስ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ስንሄድ ስለ መሪው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ረዳቱ ጥርስ ሳይቀር ጠይቆኛል። ሁሉንም መልሻለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ትንሹ የጉንዳን ሰልፍ አይቶ "የት እየሄዱ ነው?" አለኝ። ስለ ጉንዳን ማኅበራዊ ኑሮና የሥራ ክፍፍል ማስረዳት ጀመርኩ። ንግግሬ አጋማሽ ላይ ሲደርስ የት እየሄዱ እንደነበር ታወቀ። ሱሪዬን አውልቄ ቡናው መሃል ስዘል የአካባቢው ለቃሚዎች በሙሉ ሥራ አቁመው አዩኝ። አንዷ ሴትዮ "አይዞህ መምህር፣ ይለምድሃል" አለችኝ፤ እኔን ይሁን ጉንዳኑን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

በሁለተኛው ቅዳሜ መካከለኛው ዘይቱና ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ያልበሰለውን ሁሉ እያግበሰበሰ ዋለ። ሲመሻሽ በተመለስንበት ሚኒባስ ሦስት ጊዜ "ወራጅ አለ" አስባልኩ። ሦስተኛው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እየጠበቀን ስለ ሆድ ሕመም መድኃኒት ይከራከር ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ዘነበ። የጎረቤት ልጆች የእንሰት ግንድ ልጣጭ ላይ ተቀምጠው ቁልቁለቱን በጭቃው ሲንሸራተቱ አዩና የኔዎቹም ገቡበት። "አባዬ፣ አንተም!" አሉኝ። አባት ፈሪ መባል የለበትም ብዬ ተቀመጥኩ። ልጆቹን አለፍኳቸው። ቡናውን አለፍኩት። መቆፈሪያቸውን ይዘው የቆሙትን አማቴን ሳልፍ "መምህር፣ ወዴት?" ሲሉ ሰማሁ፤ የቆምኩት ወንዙ ውስጥ ነው። የአፈር መሸርሸርን ስንት ዓመት አስተምሬ አብሬ የተሸረሸርኩት ያን ቀን ነው።

እንዲህ ከዋልኩ በኋላ ምሳ ስበላ እንቅልፍ ይጥለኛል። እኔ ብሳና ዛፍ ሥር ሳንኮራፋ ትልቁ ከአያቱ ጋር ወደ ማሳው ይጠፋል። ምን እንደሚያሳዩት አልጠየቅኩም። ስነቃ ግን ጥፍሩ አፈር፣ ፊቱ ብርሃን ሆኖ አገኘዋለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነም። ባይማር አማቴ ይወስዱታል፤ ተምሮ ቢወደው ደግሞ ራሱ "ልቅር" ይለኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ውሉን ስዋዋል ይህ አልታየኝም ነበር።

ለቀማው ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ሲቀረው አማቴ ገደብ ከተማ ለቅሶ ነበረባቸው። ጠዋት ነጠላቸውን እያጣፉ "ቀዩን ብቻ ልቀሙ። የቡና ማጠቢያ ጣቢያው አረንጓዴ ካየ ሁሉንም ይመልሳል" አሉን። ከዚያ ትልቁን አየት አድርገው ሄዱ። እኔም በደስታ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዛሬ እኔ ነኝ አዛዥ።

የመጀመሪያው ጥፋት በቀበቶዬ ላይ ደረሰ። አንድ ረጅም የቡና ዛፍ ጫፉ ላይ ቀይ ፍሬ ይዞ እምቢ አለኝ። ቀበቶዬን ፈትቼ ቅርንጫፉን ጠለፍኩና ጎትቼ አጎነበስኩት። "አያችሁ፣ ጭንቅላት ያለው ሰው መሰላል አይፈልግም" እያልኩ ሳስረዳ እጄ አመለጠኝ። ቅርንጫፉ ተወርውሮ ሲመለስ ቀበቶዬን ይዞ ሄደ፤ አጠገቡ ያለው ዋንዛ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ድንጋይ ወረወርን፣ ጫማ ወረወርን፣ አንድ ጫማም እዚያው ቀረ ብዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው እሱ ወረደ። ቀበቶው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እየለቀምኩ ወደ ቤቱ ጓሮ ስደርስ ሁለት የቡና ዛፎች አየሁ። ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ፣ ፍሬያቸው ደም የመሰለ፣ ከላይ እስከ ታች አንድም እጅ ያልነካቸው። ግንዳቸው ላይ የእንሰት ቃጫ በቋጠሮ ታስሯል። ትንሹ ወዲያው "አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?" አለ።

"ጉንዳን እንዳይወጣ ነው" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ግን ሲነገር ደህና ነገር ይመስል ነበር።

ትልቁ ቅርጫቱን ይዞ ቆመ። "አባዬ፣ እነዚህን ብንተዋቸውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ለምን?"

ወንድሞቹን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። "እንዲሁ" አለ።

"እንዲሁ የሰነፍ መልስ ነው" አልኩት በመምህር ድምፅ። "በል አንተ መልቀሙን ተወው፤ እኛ የምንሞላልህን እየወሰድክ ጆንያው ውስጥ ገልብጥ።" እሱም ታዘዘኝ። ሁለቱን ዛፎች እኔ፣ መካከለኛውና ትንሹ ሙልጭ አደረግናቸው፤ እሱ እየወሰደ ተመላለሰ። ስንጨርስ ቃጫውን ከአንዱ ግንድ ፈታሁና ወገቤ ላይ ቋጠርኩት። እንዴት ደስ አለኝ! ሁለት እጅ ያለው ሰው ሆንኩ።

አማቴ ከሰዓት ተመለሱ። ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ጆንያው ሞልቷል፤ ልጆቹ በአቧራና በቡና ጭማቂ ተለውሰዋል፤ እኔም ኩራት ኩራት ብሎኛል። ሰላምታ ሰጡኝና ዓይናቸው ወገቤ ላይ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

"መምህር፣ ይቺ ቀበቶ ከየት መጣች?"

"ከዚያ ከጓሮው ቡና ላይ ነው" አልኩ። "የጉንዳን መከላከያዋ።"

አማቴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ለቅሶ ላይ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ለቅሶው ገና የጀመረ መሰለኝ። ከዚያ በዝግታ ነገሩኝ። በሽታ የመንደሩን ቡና ፍሬ ባራገፈበት ዓመት እነዚያ ሁለት ዛፎች ብቻ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። ዘንድሮ ፍሬያቸው ለዘር ይለቀማል፤ ችግኝ ይፈላል፤ ችግኙም ለሦስቱ የልጅ ልጆቻቸው ይተከላል። ቃጫው "አትንኩኝ" ማለት ነው። "ይሄን እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል" አሉ። "ሌባ እንኳ ቃጫ ያየ እንደሆነ ያልፋል መምህር። ሌባ እንኳ!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። "ፍሬውስ?" ሲሉኝ ወደ ጆንያው ጠቆምኩ። ከሌላው ጋር ተደባልቋል፤ የቱ የትኛው እንደሆነ ማንም አይለየውም። ልጄን ያጣሁት ያን ጊዜ እንደሆነ ገባኝ። እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የወደቅኩት፤ ግን እኔ ስወድቅ የሚወሰደው እሱ ነው። ቃጫውን ልፈታ ብዬ ሱሪዬ ትዝ አለኝና እጄን ሰበሰብኩ።

ያኔ ትልቁ ተነስቶ ወደ እንሰቱ ሄደ። ከቅጠሉ ሥር ሹራቡን አወጣ፤ እጅጌዎቹና አንገቱ ተቋጥረው ሹራቡ እንደ ከረጢት ሆኗል። አያቱ እግር ሥር አስቀመጠውና ፈታው። ቀይ እሸት ቡና ሞልቶበታል። "የሁለቱ ዛፎች ይሄ ነው" አለ። "ጆንያው ውስጥ አላስገባሁትም።"

አማቴ አንድ ፍሬ አንስተው በጣታቸው ፈልቅቀው ዘሩን አዩ። ሌላም አዩ። እኔ ግን ልጄን ነበር የማየው። "አውቀህ ነው? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

ተገርሞ አየኝ። "በነሱ ፊት?" አለና በአገጩ ወንድሞቹን አመለከተኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ እኔ እሱን የማሳድግ መስሎኝ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው ብዬ ጠረግኩት፤ ትንሹ ግን "አባዬ፣ አቧራ የታል?" አለ።

አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። "በቃ፣ ቡና ፈረደች" አሉ። "ይቺ ልጅ ተምራለች። በውላችን ያንተ ነው።" ደስታዬን ሳልጨርስ ወደ ትልቁ ዞሩ። "ግን አፍ አላት፤ ትጠየቅ። አንተስ? ከኔ ጋር መኖር ትፈልጋለህ? ሁሉንም አሳይሃለሁ።" ድምፃቸው ልጁን በጠየቁኝ ቀን ምሳ ላይ እንደነበረው አልነበረም። አሁን የሚለምኑ ሰው ነበሩ።

መልሱን የጠበቅኩባት ደቂቃ ከጭቃው ቁልቁለት የባሰች ነበረች። ልጄ አያቱን በፍቅር አያቸው፣ ማሳውን አየ፣ ከዚያ ወገቤ ላይ ያለውን ቃጫ አየ።

"አያዬ፣ እኔ መቅረቱን ወድጄው ነበር" አለ። "ግን እዚህ ከቀረሁ አባዬን ማን ይጠብቀዋል?"

አማቴ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ሳቁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። "እውነት ነው፣ ብቻውን አይለቀቅም" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ቡና ብታልቅም ቅዳሜ አያልቅም። መምህርን ይዘህ ና። ችግኙን አብራችሁ ታፈላላችሁ።"

ቃጫው ወደ ቦታው መመለስ ነበረበት። አማቴ ቋጠሮውን አሳዩኝ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ትልቁ ጣቶቼን ይዞ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወደ ባጃጁ ቁልቁለቱን ጀመርን። በግራ እጄ ሱሪዬን፣ በቀኝ እጄ የትልቁን እጅ ይዣለሁ፤ መካከለኛው ከኪሱ ባወጣው ዘይቱና ጉንጩ አብጧል፤ ትንሹ ከኋላ ሆኖ አየን።

"አባዬ፣ አንተ ነህ እሱን የያዝከው ወይስ እሱ ነው አንተን የያዘህ?" አለ።

"አላውቅም" አልኩት።