ሦስቴ የተቀበረው

ምጽዋ ላይ የኮሌጅ ጓደኞቼ ሲዋኙ፣ እኔ ዋና ስለማልችል አፍሬ የአሸዋ ክምር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አሸዋ ያለበስኩትን ጫማዬን ነፋሱ መልሶ ገለጠው።

ቡታጅራ ትዝ አለኝ። አባቴ፣ ሶማሌ አገር ውቅያኖስ ዳር ካለው የጣሊያን እስር ቤት የተመለሰ ሰሞን ነበር።

«አባቷ፣ ዛሬም ልትቀመጥ ነው? ቆጮው እስከ መቼ ይጠብቅሃል?» አለችው እናቴ።

አባቴ ተነሥቶ ቆጮ የሚቀበርበትን ጉድጓድ እስከ ጉልበቱ ቆፈረና እርጥቡን አፈር ዳሰሰው።

«ይኼ አፈር ደግ ነው፤ የሰጡትን ይይዛል።»

«የባሕሩስ፣ አባዬ?»

«እዚያ ጓደኛዬን ሦስቴ ቀበርኩት።»

ሰው ሦስቴ ይሞታል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ቆነጠጠችኝ። አባቴ ዶማውን አስቀምጦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ባሕር አንድም ቀን አላወራኝም።

ለካ የባሕር ዳር አሸዋ የሰጡትን አይይዝም። ጫማዬን ደግሜ አልቀበርኩትም። አሸዋውን አራግፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።